ሳቢውም ይሳባል፦ የሁለት አካላት የጋራ ዙረት ሲዳሰስ

ጨረቃ መሬትን ትዞራለች፤ መሬትም ፀሐይን ትዞራለች። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምንማረው ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ የሚነግረን ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው። ስበት የአንድ ወገን ሥልጣን አይደለም። መሬት ጨረቃን በምትስብበት ኃይል ልክ ጨረቃም መሬትን ትስባለች። ስለዚህ ከሁለቱ አንዳቸውም ቆመው ሌላውን አያዞሩም። ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለቱም የሚዞሩት በመካከላቸው ባለች አንዲት ነጥብ ዙሪያ ነው። ይህች ነጥብ የመጠነ ቁሳቸው የጋራ ማዕከል ናት፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «የጋራ ማዕከል» እንላታለን።

ትልቁ አካል የሚያደርጋት ትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ «ከቁጥር የማትገባ» ተብላ ትታለፋለች። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። የከዋክብትን መጠነ ቁስ ያወቅነው፣ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ፕላኔቶች መኖራቸውን ያረጋገጥነው፣ ብርሃን የማይሰጡ ጥቁር ጉድጓዶችን ያገኘነው በአብዛኛው ይህችን የተናቀች እንቅስቃሴ በመከታተል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኬፕለር እስከ ኒውተን

ዮሐንስ ኬፕለር የቲኮ ብራሄን የማርስ ምልከታዎች ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ በ1609 ፕላኔቶች የሚጓዙት በክብ ሳይሆን በሞላላ ምህዋር መሆኑን አሳተመ። በ1619 ደግሞ የፕላኔቷን ርቀት ከዙረቷ ጊዜ ጋር የሚያያይዘውን ሦስተኛ ሕጉን ጨመረ። በኬፕለር ሥዕል ውስጥ ግን ፀሐይ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ የምታንቀሳቅስ እንጂ የምትንቀሳቀስ አይደለችም።

ይህን የለወጠው አይዛክ ኒውተን ነው። በ1687 በታተመው «ፕሪንኪፒያ» ለማንኛውም ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አጸፋ እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ ውጤቱን እስከ መጨረሻው ተከተለው። እርስ በርስ የሚሳሳቡ ሁለት አካላት በጋራ ማዕከላቸው ዙሪያ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ምህዋሮች እንደሚሠሩ በሒሳብ አሳየ። ለፀሐይም የተለየ ክብር አልሰጣትም። ፕላኔቶቹ ስለሚስቧት ያለማቋረጥ ትንቀሳቀሳለች፤ ሆኖም ከሥርዓቱ የጋራ ማዕከል ብዙ አትርቅም ሲል ጻፈ። ኮፐርኒከስ መሬትን ከዓለሙ ማዕከልነት ካነሳት በኋላ ፀሐይን ራሷን ያነሳት ይህ ስሌት ነው።

የሕጉ ፍሬ ነገር በጥቂት ቃላት ይጠቃለላል። የጋራ ማዕከሉ ሁልጊዜ ሁለቱን አካላት በሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር ላይ ይገኛል፤ በመሆኑም ሁለቱ ምንጊዜም በተቃራኒ ወገን ናቸው። ከማዕከሉ ያላቸው ርቀት የመጠነ ቁሳቸው ተገላቢጦሽ ነው፦ አሥር እጥፍ የከበደው አካል አሥር እጥፍ ይቀርባል። ሁለቱም አንድ ዙር የሚጨርሱት በእኩል ጊዜ ነው። ምህዋሮቻቸው በመጠን እንጂ በቅርጽ አይለያዩም። አባት የትንሽ ልጁን ሁለት እጆች ይዞ በሜዳ ላይ ሲያሽከረክራት ያየ ሰው ነገሩን አይቶታል። ልጅቷ ሰፊውን ክብ ትዞራለች፤ አባትም ወደ ኋላው ዘንበል ብሎ በእግሮቹ ጠባብ ክብ ይሠራል። ቀጥ ብሎ ልቁም ቢል ወደ ፊቱ ይወድቃል።

ስሌቱን ማንም ሰው በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። የመሬት መጠነ ቁስ የጨረቃ 81.3 እጥፍ ነው፤ በማዕከሎቻቸው መካከል ያለው አማካይ ርቀት 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቱን ለ82.3 ስናካፍለው 4,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። የጋራ ማዕከሉ ከመሬት እምብርት ያለው ርቀት ይኸው ነው። የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነጥቧ ከእግራችን በታች 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ጠልቃ ትገኛለች፤ ሁልጊዜም ጨረቃ ባለችበት አቅጣጫ። የመሬት እምብርት ይህችን ነጥብ በ27.3 ቀን አንዴ ይዞራል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም የከተማ መኪና ፍጥነት ማለት ነው። በዓመት አንዴ ፀሐይን በተስተካከለ ምህዋር የምትዞረውም ይህችው የጋራ ማዕከል ናት፤ የመሬት እምብርት መንገዱን ሲዞር በየወሩ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል።

የባሕር ማዕበል መነሣትና መውረድም ከዚሁ ይመነጫል። ከጨረቃ ትይዩ ያለው ገጽ ከመሬት እምብርት ይልቅ ለጨረቃ ስለሚቀርብ በበለጠ ይሳባል፤ ከኋላ ያለው ገጽ ደግሞ በአነሰ ይሳባል። መሬት በቦታዋ የተቸነከረች ብትሆን ኖሮ ውኃው በጨረቃ ወገን ብቻ ይከማች ነበር። መሬት ራሷ ወደ ጨረቃ ስለምትሳብ ግን ኋላ ያለው ውኃ በአንጻራዊነት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህም በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። ይህ ማዕበል የመሬትን የራሷን ሽክርክሪት ቀስ በቀስ እየገታ ጨረቃን ያርቃታል። የአፖሎ ጠፈርተኞች ከ1969 ጀምሮ በጨረቃ ላይ ያስቀመጧቸው የሌዘር አንጸባራቂዎች እንዳረጋገጡት ጨረቃ በዓመት 3.8 ሳንቲ ሜትር ትርቃለች።

ማዕከሉ የት ይውላል?

የጋራ ማዕከሉ ከትልቁ አካል ውስጥ ይሁን ከውጭ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በመጠነ ቁስ ንጽጽራቸውና በመካከላቸው ባለው ርቀት። መሬት ለፀሐይ በጣም ቀላል በመሆኗ የሁለቱ የጋራ ማዕከል ከፀሐይ እምብርት 450 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ጁፒተር ሌላ ነው። መጠነ ቁሱ የፀሐይ አንድ ሺህ አርባ ሰባተኛ ቢሆንም ርቀቱ 778 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ የጋራ ማዕከል ከፀሐይ እምብርት 742,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። የፀሐይ ሬዲየስ 696,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነጥቡ ከገጿ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ሳተርን ብቻውን ደግሞ 408,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳታል። ሁለቱ ግዙፋን በአንድ ወገን ሲሰለፉ የፀሐይ እምብርት ከሥርዓቱ ማዕከል ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በተቃራኒ ወገን ሲቆሙ ማዕከሉ ተመልሶ ከፀሐይ ገላ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ የምትጓዝበት መንገድ እየሰፋና እየጠበበ የሚጠማዘዝ የተወሳሰበ መስመር ነው።

ፕሉቶና ካሮን የነገሩ ሌላኛው ጫፍ ናቸው። በ1978 ጄምስ ክሪስቲ የፕሉቶን ምስሎች ሲመረምር በአንድ ጎኑ ላይ እየዞረ የሚታይ እብጠት አስተዋለ፤ እብጠቱ ካሮን የተባለችው ጨረቃ ነበረች። ካሮን የፕሉቶን መጠነ ቁስ አንድ ስምንተኛ ያህል ትይዛለች፤ ርቀታቸውም 19,600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የጋራ ማዕከላቸው ከፕሉቶ እምብርት 2,130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የፕሉቶ ሬዲየስ ግን 1,188 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም በመካከላቸው ያለን ባዶ ቦታ በ6.4 ቀን ይዞራሉ፤ ሁለቱም ምንጊዜም አንድ ፊታቸውን ብቻ እርስ በርስ ያሳያሉ። በሐምሌ 2015 በአጠገባቸው ያለፈችው ኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩር ገና በጉዞ ላይ ሳለች ባነሳቻቸው ተከታታይ ምስሎች ይህ የጋራ ዙረት በግልጽ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። በነሐሴ 2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕራግ ላይ ስለ ፕላኔት ትርጓሜ ሲመክር የቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ የጋራ ማዕከሉ ከትልቁ አካል ውጭ ከዋለ ሁለቱም ፕላኔት ናቸው ወደሚል ያመራ ነበር፤ በዚህም ካሮን ፕላኔት ልትባል ነበር። ረቂቁ አላለፈም፤ በእኔ እምነት አለማለፉ ትክክል ነው። መለኪያው ከአካሉ ምንነት ይልቅ በርቀቱ ላይ ይንጠለጠላልና። ጨረቃ በመራቋ ቀጥላ ከ524,000 ኪሎ ሜትር ብታልፍ የጋራ ማዕከሉ ከመሬት ገጽ በላይ ይወጣል፤ ጨረቃ ግን ያችው ጨረቃ ናት። በዚሁ መለኪያ ጁፒተርም የፀሐይ ጥንድ ሊባል ነው። የጋራ ማዕከል ስለ እንቅስቃሴ እውነቱን ይነግረናል፤ ማዕረግ ለማደል ግን አልተሠራም።

ከዋክብትን መመዘን

ኮከብን በሚዛን ላይ ማውጣት አይቻልም። ብቻውን የቆመ ኮከብ ብርሃኑን እንጂ መጠነ ቁሱን አይናገርም። ሁለት ሆነው ሲዞሩ ግን ይናገራሉ።

በ1767 እንግሊዛዊው ጆን ሚቸል በሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩ ከዋክብት በአጋጣሚ ብቻ ሊገኝ ከሚችለው ቁጥር እንደሚበልጡ በስሌት አሳየ። ዊልያም ኸርሸል ደግሞ የከዋክብትን ርቀት ለመለካት ብሎ ጥንዶችን በብዛት መዘገበ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለከታቸው አንዳንዶቹ ተዛውረው አገኛቸው፤ በ1803 በስበት ተሳስረው የሚዞሩ መሆናቸውን አስታወቀ። የፈለገውን አላገኘም፤ ያገኘው ግን የኒውተን ሕግ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭም እንደሚሠራ የመጀመሪያውን ማስረጃ ነው። በ1827 ፈረንሳዊው ፌሊክስ ሳቫሪ የአንድን ጥንድ ምህዋር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰላ።

ምዘናው እንዴት እንደሚሠራ በሲሪየስ እንየው። ሲሪየስ ከሌሊቱ ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ነው። ፍሪድሪኽ ቤሰል የኮከቡን ጉዞ ለዓመታት ሲለካ መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ማዕበል የመሰለ ሆኖ አገኘው፤ በ1844ም የማይታይ ጓደኛ እየጎተተው እንደሆነ አስታወቀ። በ1862 አልቫን ግራሃም ክላርክ በአሜሪካ አዲስ የተሠራ ትልቅ የቴሌስኮፕ ሌንስ ሲሞክር ደብዛዛዋን ነጥብ በዓይኑ አያት። ጓደኛው በተባለበት ቦታ ነበረ።

ሁለቱ የጋራ ማዕከላቸውን በ50.1 ዓመት ይዞራሉ፤ አማካይ ርቀታቸው የመሬትና የፀሐይ ርቀት 19.8 እጥፍ ነው። ኒውተን ባስፋፋው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ መሠረት ርቀቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተን፣ ለዙረቱ ጊዜ ካሬ ስናካፍል የሁለቱን ድምር በፀሐይ መጠነ ቁስ እናገኛለን፦ 7,762 ሲካፈል ለ2,510፤ ሦስት ፀሐይ ያህል። ድምሩ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚያካፍለን የጋራ ማዕከሉ ነው። ደብዛዛው ጓደኛ ከማዕከሉ ሁለት እጥፍ ርቆ ስለሚዞር መጠነ ቁሱ የደማቁ ግማሽ ነው፤ ለደማቁ ሁለት፣ ለደብዛዛው አንድ ፀሐይ። ትልቁ ኮከብ ባይነቃነቅ ኖሮ ድምሩን እንጂ ድርሻውን አናውቅም ነበር። ውጤቱም ሊቃውንቱን ያስደነገጠ ሆነ። የፀሐይን ያህል የሚከብደው ይህ ደብዛዛ ኮከብ ስፋቱ የመሬትን ያህል ነው፤ ነጭ ድንክ የሚባለው የከዋክብት ዓይነት በዚህ መንገድ ታወቀ።

ተጠጋግተው ስለሚዞሩ በቴሌስኮፕ የማይለዩ ጥንዶችም አሉ። በእነዚህ የሚያግዘው የብርሃን ዶፕለር ለውጥ ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ በብርሃኑ ውስጥ ያሉት ጥቁር መስመሮች ወደ ሰማያዊው ያዘነብላሉ፤ ሲርቅ ወደ ቀዩ። በ1889 የሃርቫርዱ ኤድዋርድ ፒከሪንግ የሚዛር ኮከብ መስመሮች አንዴ ነጠላ፣ አንዴ ድርብ እንደሚሆኑ ገለጸ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳልና በአንድ ነጥብ ውስጥ ሁለት ከዋክብት እንዳሉ ታወቀ። የፍጥነታቸው ንጽጽርም የመጠነ ቁሳቸውን ንጽጽር ሰጠ። እየተጋረዱ ብርሃናቸው የሚደክም ጥንዶች ደግሞ ስፋታቸውን ጭምር ይነግሩናል። የአልጎል ብርሃን በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ የሚደክመው አንድ ሌላ አካል ሲጋርደው ሊሆን እንደሚችል በ1783 ያቀረበው፣ መስማት የተሳነው ወጣት ጆን ጉድሪክ ነበር።

እንዲህ የተሰበሰቡት ልኬቶች አርተር ኤዲንግተን በ1924 ያቀረበውን ግንኙነት አስገኙ፦ ኮከብ በከበደ ቁጥር ድምቀቱ ከክብደቱ እጅግ በበለጠ ይጨምራል። ከባዶቹ ነዳጃቸውን ቶሎ ጨርሰው እንደሚሞቱ የምናውቀው ከዚህ ተነሥተን ነው። ዛሬ ስለ ከዋክብት ዕድሜ የምንናገረው ሁሉ መሠረቱ የጥንዶች ዙረት ነው።

የማይታየው በሚታየው ሲገለጥ

ፕላኔት ከኮከቧ ብርሃን አጠገብ ሆና ለመታየት አስቸጋሪ ናት። ኮከቡን ግን ትጎትተዋለች። በ1995 የስዊዘርላንዶቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኘው ኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ ሲከታተሉ በየ4.2 ቀኑ በሰከንድ 56 ሜትር ያህል ወደ እኛ ሲመጣና ሲርቅ አገኙት። የሚጎትተው ቢያንስ የጁፒተርን ግማሽ ያህል የሚመዝን ፕላኔት ነው፤ ለኮከቡ ያለው ቅርበትም ማንም ያልጠበቀው ነበር። ሁለቱ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

በዚያው በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየሀገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰየም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት የሚገኘው ኤችዲ 16175 ሲሆን ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። አቦል የተገኘው በዚሁ በኮከቡ ንቅናቄ ነው። በ2009 ይፋ በሆነው ግኝት መሠረት መጠነ ቁሱ ከጁፒተር አራት እጥፍ ይበልጣል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ ምህዋሩም እጅግ የተለጠጠ ሞላላ ነው። ምህዋሩ ስለተለጠጠ የቡና ፍጥነት እኩል እየጨመረ እኩል አይቀንስም። አቦል ሲቀርበው በችኮላ ይዞራል፤ ሲርቀው ለረጅም ጊዜ ይዘገያል። የፍጥነቱ ግራፍ አንድ ወገኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ዘርጋ ያለ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሁለቱም ምህዋር አንድ ቅርጽ ስላለው ያልታየው የአቦል መንገድ በሚታየው በቡና መንገድ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

የቤሰል ዘዴም አላረጀም። በ2013 መጨረሻ የመጠቀችው የአውሮፓ ጋያ መንኮራኩር የከዋክብትን ቦታ በከፍተኛ ጥራት ስትለካ ቆይታ በ2024 አንድ ኮከብ ምንም የማይታይበትን ነጥብ በ11.6 ዓመት እንደሚዞር አሳየች። ጓደኛው 33 ፀሐይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ነው። ቤሰል ስለ ሲሪየስ ከጻፈ ልክ 180 ዓመት በኋላ፣ በዚያው አስተሳሰብ ተገኘ።

ዙረቱ ሲጠብ

በኒውተን ሕግ ብቻ ቢሆን ሁለት አካላት ለዘላለም በአንድ ምህዋር መዞር ይችሉ ነበር። አልበርት አይንስታይን በ1915 ያቀረበው አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ግን የሚዞሩ ጥንዶች የስበት ሞገድ እየረጩ ኃይል እንደሚያጡና እየተቀራረቡ እንደሚሄዱ ያስገድዳል። በ1974 ራስል ኸልስና ጆሴፍ ቴይለር ፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ አንቴና በሰከንድ 17 ጊዜ ምልክት የሚሰጥ ፐልሳር አገኙ። ፐልሳሩ ከሌላ ኒውትሮን ኮከብ ጋር በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይዞራል። ለዓመታት በተደረገ ክትትል የዙረቱ ጊዜ በዓመት በ76 ሚሊዮንኛ ሰከንድ እያጠረ መሆኑ ታወቀ፤ ንድፈ ሐሳቡ ከሚተነብየው ጋርም ገጠመ። በ1993 ኖቤል ተሸለሙበት።

የዚህ መንገድ መጨረሻ በመስከረም 14 ቀን 2015 ተሰማ። በአሜሪካ ዋሽንግተንና ሉዊዚያና ግዛቶች የተተከሉት የላይጎ መሣሪያዎች 36 እና 29 ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እየተሽከረከሩ ሲዋሐዱ የላኩትን ሞገድ መዘገቡ። የቀረው ጥቁር ጉድጓድ 62 ፀሐይ ይመዝናል፤ የጎደሉት ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ወደ ሞገድ ተለወጡ። ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የሁለቱን ክብደት ያስነበበን አሁንም ዙረታቸው ነው።

የሕጉ ወሰን

የሁለት አካላት ጥያቄ የታደለ ጥያቄ ነው፤ የጋራ ማዕከሉ ለብቻው በቀጥታ መስመር ይጓዛል፤ የቀረው የአንጻራዊ እንቅስቃሴ ስሌት የአንድ አካል ስሌት ያህል ይቀላል። ሦስተኛ አካል ሲገባ ይህ ቅለት ይጠፋል። ኦይለርና ላግራንዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጥቂት ልዩ መፍትሔዎች አገኙ፤ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ዛሬ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራው በዚህ ስሌት በተገኘ ነጥብ አካባቢ ነው። ሄንሪ ፖይንካሬ ግን በ1880ዎቹ መጨረሻ የሦስቱ እንቅስቃሴ በመነሻው ላይ ባለች ጥቃቅን ልዩነት ሊለዋወጥ እንደሚችል አሳየ። በአይንስታይን ሕግ ደግሞ ሁለቱም ቢሆኑ የተሟላ የቀመር መፍትሔ የላቸውም፤ የሁለት ጥቁር ጉድጓዶችን ውሕደት በኮምፒዩተር እስከ መጨረሻ ለማስላት እስከ 2005 ድረስ መጠበቅ ግድ ነበር።

ልኬቱም የራሱ ወሰን አለው። በዶፕለር የምናየው የኮከቡን መምጣትና መሄድ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የሚያደርገው እንቅስቃሴ አይመዘገብም። ስለዚህ ምህዋሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ በሌላ መንገድ እስካልታወቀ ድረስ የሚገኘው የፕላኔቱ ዝቅተኛ መጠነ ቁስ ነው። ከላይ «ቢያንስ» የሚል ቃል የገባው ለዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን መሬትን የመሰለች ዓለም ማግኘት ነው። ጁፒተር ፀሐይን በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል ያንቀሳቅሳታል፤ መሬት ግን በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በቺሊ ፓራናል ተራራ የሚሠራው ኤስፕሬሶ የተባለው መሣሪያ የተገነባው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጥራት እንዲደርስ ታስቦ ነው። ሆኖም የኮከቡ ገጽ ራሱ እየተንተከተከ በሰከንድ ሜትሮች የሚደርስ የውሸት ንቅናቄ ያሳያል፤ የፕላኔቷን ጉትቻ ከዚህ ሁካታ መለየት የዘመናችን የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ዋነኛ ሥራ ሆኗል። ይህን ሥራ ተስፋ ያለው የሚያደርገው ሕጉ ራሱ ነው፦ ማንም ሳይሳብ መሳብ አይችልም። እንደ መሬት ያለች ፕላኔት በአንድ ኮከብ አጠገብ ካለች ኮከቡ ተንቀሳቅሷል፤ ምልክቱም በብርሃኑ ውስጥ ወደ እኛ እየደረሰ ነው። የጎደለው የማንበብ አቅም ነው፤ እርሱም ከኸርሸል ዘመን ጀምሮ በየትውልዱ ሲያድግ ኖሯል።